ጥገና ከደህናው መንገድ ይጀምራል

ጥያቄ፦ «በሰሜን ወሎ በምትገኝ አንዲት ከተማ ማዘጋጃ ቤት የመሠረተ ልማት ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ ጉድጓድ እንደፍናለን፤ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ይከፈታል። ምክር ቤቱ ለጥገና የሚሰጠን ገንዘብ ከአዳዲስ ሥራዎች የተረፈውን ነው። የመደበኛ ጥገና ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል? ገንዘቡስ ከየት ይገኛል? አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ደግሞ የኮብልስቶን መንገዶቻችንን በአስፋልት እንሸፍናቸው ይላሉ። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ በማዘጋጃ ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይውላል። በዚሁ አካባቢ በመንገድ ሥራ ላይ ስለቆየሁ በግልጽ ልናገር። አሁን በያዛችሁት አሠራር ብትቀጥሉ በጀቱ እጥፍ ቢደረግላችሁም ጉድጓዱ አያልቅም። ገንዘባችሁ ከሞላ ጎደል የሚሄደው ወደ ወደቀው መንገድ ነው። የመደበኛ ጥገና ዋና ሥራ ግን ገና ያልወደቀው መንገድ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው። ምክር ቤታችሁ ይህን አንድ ነገር ከተቀበለ የቀረው የሒሳብና የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ይሆናል።

አስፋልት እንዴት እንደሚበላሽ እንይ። ሬንጁ በፀሐይና በአየር ምክንያት ከዓመት ዓመት እየደረቀ ይሄዳል፤ ሲደርቅ መለጠጥ ይሳነዋል፤ ቀጭን ስንጥቅም ያወጣል። በዚያ ስንጥቅ ውሃ ይገባል። ከሥር ያለው ቤዝ ኮርስ፣ ማለትም አስፋልቱን የሚሸከመው የተጠቀጠቀ የጠጠር ንጣፍ፣ ደረቅ ሲሆን የከባድ መኪና ጭነት ችሎ ይኖራል፤ ውሃ ሲጠግብ ግን ይላላል። ጎማ ባለፈበት ቁጥር ደቃቁ አፈር ከውሃው ጋር በስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ የላዩ ንጣፍ ይሰበራል። ነዋሪው «ጉድጓድ ወጣ» የሚለው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጉድጓዱን ብቻ ስንደፍን ውሃው የገባበትን በር ክፍት ትተን እንሄዳለን።

ብልሽቱ የሚሄደው በእኩል ፍጥነት አይደለም። በመንገድ ምህንድስና ትምህርት ደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት እንዲህ ይላል፦ አንድ አስፋልት በዕድሜው የመጀመሪያ ሦስት አራተኛ ውስጥ ከጥራቱ 40 በመቶ ያህል ያጣል፤ ቀጣዩን 40 በመቶ ግን ከዕድሜው አንድ ስምንተኛ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ያጣል። 16 ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ መንገድ 12 ዓመት በዝግታ ያረጅና በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ይወድቃል ማለት ነው። በርካሽ ማዳን የሚቻለው መንገዱ ከዚህ የፈጣን ብልሽት ገደል ከመድረሱ በፊት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን መንገዱ ለዓይን ደህና ስለሚመስል ማንም አያየውም። የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ላይ አፍሪካ በጊዜው 12 ቢሊዮን ዶላር ለጥገና አውጥታ ቢሆን ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይተርፍላት እንደነበር አስልቷል። ይህን ቁጥር ምክር ቤታችሁ ፊት ይዛችሁ ግቡ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ በወሎ ከተሞች ግማሹ ጉዳይ እሱ ነውና። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተጋድማለች፤ በከተማዋ ቦይ የሚወርደው የመንገዱ ውሃ ብቻ ሳይሆን ከላይ ከተራራው የሚመጣው ጭምር ነው። ሌሎቹም ብዙዎቹ ወይ በተዳፋት ላይ ወይ በተዳፋት ግርጌ የተቆረቆሩ ናቸው። ሜዳው ላይ ደግሞ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር አለ፤ እንዲህ ባለው አፈር ላይ የተሠራ መንገድ ዳር ውሃ ካቆረ ንጣፉ ከዳሩ ጀምሮ ይገመሳል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመድፈናችሁ በፊት በክረምት አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚቆም፣ የት ቦዩን ጥሎ ወደ አስፋልቱ እንደሚወጣ ተመልከቱ። በሥዕል ላይ የተሠራ ዕቅድ ይህን አይነግራችሁም።

በዚያ ቀን የምታገኙትን አሁኑኑ ልገምት እችላለሁ። መሻገሪያ ቱቦው አፍ ላይ ስትደርሱ ገራባ፣ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ከግንባታ ቦታ የፈሰሰ አሸዋ አንድ ላይ ተጣብቆ ግድግዳ ሠርቷል። ውሃው እዚያ ደርሶ ይዞርና መንገዱን ያቋርጣል። ካቋረጠበት በታች ሁልጊዜ ጉድጓድ አለ። ያን ጉድጓድ በየዓመቱ የምትደፍኑት እናንተ ናችሁ፤ ቱቦውን ግን የሚጠርግ የለም። የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግኑ ወለል ማንጠፍ ማለት ይኸው ነው። ከጥገና በጀታችሁ የመጀመሪያው ብር ለቦይ ጠረጋ መሄድ አለበት፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ የሚጸድቀው ዝናቡ በሚያይልበት ወር ነው። ብዙ ከተሞች ከዚያ በኋላ ጥናት ይጀምራሉ፣ የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃሉ፣ ጨረታው ተከፍቶ ውል እስኪፈረም ጥር ይደርሳል። በሌላው የአገራችን ክፍል ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ በወሎ ደጋ ግን በልግ አለ። ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ሬንጅ በእርጥብ መሬት ላይ አይይዝም። ስለዚህ ለአስፋልት ሥራ የሚታመን ደረቅ ጊዜያችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ብቻ ነው። አራት ወር። ውሉ በጥር ከተፈረመ ያ ጊዜ አልፏል፤ ሥራው በበልግ ዝናብ መሀል በሩጫ ይሠራል፤ በሰኔ ደግሞ «በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን» ተብሎ የቀረው ይጨረሳል። ጉድጓዶቻችሁ እዚያው ቦታ ላይ የሚከፈቱበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ሰነዱን በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ማዘጋጀት ነው። በጥቅምትና በኅዳር የመንገዶቹን ሁኔታ መርምሩ፤ ያ መረጃ በመጋቢት ለምታቀርቡት የቀጣይ ዓመት በጀት ጥያቄ መሠረት ይሆናል። የሥራ ዝርዝርና የጨረታ ሰነድ በሰኔ ተጠናቅቆ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። በጀቱ በሐምሌ ሲጸድቅ ማስታወቂያው በሳምንቱ ይውጣ፣ ውሉ በመስከረም ይፈረም፣ ሥራው በጥቅምት መጀመሪያ ይጀመር። ቦይ ጠረጋው የራሱ ጊዜ አለው፦ በልግ ሳይገባ በጥር መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦት መጨረሻ። ከዚህ በተጨማሪ በክረምቱ መሀል ትልቅ ዝናብ በጣለ ማግስት ዋና ዋና ቱቦዎችን የሚዞር ትንሽ ቡድን ያስፈልጋል።

ስለ ምርመራው ብዙ አልልም፤ ሰዎች እንደሚያስፈሩት ከባድ አይደለም። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል። መንገዶቻችሁን ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ ከፋፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ስጡት። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የንጣፉን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የቦዩን ሁኔታና ከ1 (የወደቀ) እስከ 5 (በጣም ደህና) የሚሰጠውን ነጥብ መዝግቡ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ መለኪያ ጎማና አንድ ስልክ ይበቃሉ። ዋናው ቁም ነገር ነጥቡን የሚሰጡት ሰዎች በየዓመቱ እንዳይለዋወጡ ነው፤ የአንዱ 3 የሌላው 4 ከሆነ ከዓመት ዓመት ማወዳደር አይቻልም። በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱት የከተማ ልማት ፕሮግራሞች ውስጥ ያለፉ ከተሞች፣ ደሴና ኮምቦልቻም ጭምር፣ የንብረት አስተዳደር ዕቅድ ያዘጋጁ ነበር። እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ሰነድ በመደርደሪያ ላይ ካለ ከዜሮ አትጀምሩ፤ አውርዳችሁ አድሱት።

መዝገቡን ስትሠሩ አንድ ነገር በቅድሚያ ለዩ፦ መንገዱ የማን ነው? ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን፣ ወልዲያንና ቆቦን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ የፌዴራል አውራ ጎዳና ነው። የከተማው ሰው የሚያማርረው ብዙ ጊዜ እሱን ነው፤ የከተማው ገንዘብ ግን መጀመሪያ መሄድ ያለበት ሌላ ባለቤት ወደሌላቸው የውስጥ መንገዶች ነው። በአውራ ጎዳናው ላይ ያለውን ብልሽት ከፎቶግራፍና ከኪሎ ሜትር ልክ ጋር በጽሑፍ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር አሳውቁ፤ ደጋግማችሁ አሳውቁ። ቦዩን ግን ለነሱ አትተዉ። ቆሻሻውን የሚጥለው የእናንተ ከተማ ነዋሪ ነው።

አሁን ገንዘቡ ስንት እንደሆነ እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ልክ ተኩዋቸው። ከተማዋ 28 ኪሎ ሜትር አስፋልት አላት እንበል፤ አማካይ ስፋቱ 7 ሜትር ነው። ይህ 196,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። አስፋልት በየሰባት ዓመቱ ላዩ በሬንጅና በጠጠር እንደገና መታሸግ አለበት ብለን ብንነሣ በዓመት 4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 28,000 ካሬ ሜትር፣ ይደርሳል። ስንጥቅ መሙላትና ጉድጓድ መድፈን ምርመራው ባወጣው ልክ ይጨመራል። 40 ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን በ6 ሜትር ስፋት 240,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ በዓመት 2 በመቶው ተነሥቶ እንደገና ይነጠፍ ቢባል 4,800 ካሬ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱን በአካባቢያችሁ የወቅቱ ዋጋ አባዙት። የቦይ ጠረጋውን የሰው ኃይል ለማወቅ አንድ ቡድን ለአንድ ሳምንት አሠሩና በቀን ስንት ሜትር እንደጠረገ ለኩ፤ ከመጽሐፍ ከሚወሰድ ቁጥር ይህ ይሻላል።

ምክር ቤቱ የጠየቃችሁትን ግማሽ ቢሰጥ «አነሰብን» ብላችሁ አትመለሱ። በዓመት ሊታሸግ የሚገባው 28,000 ካሬ ሜትር ወደ 14,000 ከወረደ ዑደቱ ከሰባት ዓመት ወደ 14 ዓመት ተራዘመ ማለት ነው። 14 ዓመት ሳይታሸግ የሚቆይ አስፋልት ከላይ ከጠቀስሁት ገደል አልፏል። የምክር ቤት አባላት ውሳኔያቸው በብር ሳይሆን በዓመታት ተተርጉሞ ሲቀርብላቸው፣ የትኛው ሠፈር በየትኛው ዓመት መንገዱን እንደሚያጣ ሲያዩ፣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሠንጠረዡን የአምስት ዓመት አድርጉት፣ በየዓመቱም አድሱት።

ቅደም ተከተሉ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ከቦዩ ቀጥሎ 4 እና 5 ያገኙት መንገዶች ስንጥቃቸው ይሞላ። ከዚያ 3 ያገኙት ይታሸጉ፤ ከዓመት በኋላ ወደ 2 የሚወርዱት እነሱ ናቸውና። 1 እና 2 ያገኙት ሰው እንዳይጎዱ፣ አምቡላንስ እንዲያልፍ ያህል ብቻ ይያዙ፤ እነሱን መልሶ መሥራት የካፒታል በጀት ጉዳይ ስለሆነ በመደበኛው የጥገና ገንዘብ ላይ አትጫኑት። ይህ ለነዋሪው መራራ እንደሆነ አውቃለሁ። ጭቃ ውስጥ የሚኖር ሰው የሌላው ሠፈር ደህና መንገድ ሲታሸግ ቢያይ ቢቆጣ እውነት አለው። ስለዚህ ለነዚያ መንገዶች ተራቸው የሚደርስበትን ዓመት በጽሑፍ አሳውቁ፣ ያንንም ቀን አክብሩ። ሰው ተራውን ካወቀ ይታገሣል፤ የማይታገሠው ተራ የሌለው ሲመስለው ነው።

የጉድጓድ አደፋፈን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። በተለምዶ የሚሆነው ይህ ነው፦ ገልባጭ መኪና ይመጣል፣ ውሃ ያለበት ጉድጓድ ላይ ገረገንቲ ይገለበጣል፣ በአካፋ ይስተካከላል፣ መኪና ይረግጠዋል ተብሎ ይተዋል። ያ ሥራ ከመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ አያልፍም። ትክክለኛው አሠራር ብልሽቱ ከሚታይበት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ደህናው አስፋልት ገብቶ በኖራ አራት ማዕዘን ማስመር ነው። ዳሩ በመቁረጫ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ክብና ዘንበል ያለ ዳር አይይዝም። እርጥቡ ቤዝ እስከ ደረቁና ጠንካራው ድረስ ይወጣል። በአዲስ ቤዝ ኮርስ በቀጭን በቀጭኑ እየተሞላ ይጠቀጠቃል። ወለሉና አራቱ ግድግዳዎች በብሩሽ ይጸዱና ስስ ሬንጅ ይቀባሉ። ከዚያ አስፋልቱ ይገባል፤ ጥቅጠቃው ከዳር ወደ መሀል ይሄዳል። ሲያልቅ ከነባሩ ንጣፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀር፣ መኪና ሲረግጠው ይስተካከላልና። በመጨረሻ መጋጠሚያው ላይ ሬንጅ ይፍሰስበት። እንዲህ የተደፈነ ጉድጓድ ዙሪያው ያለው አስፋልት እስካለ ድረስ ይኖራል። በክረምት መሀል አደገኛ ጉድጓድ ከወጣ ግን በተፈጨ ድንጋይ ጠቅጥቃችሁ ያዙት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ በጥቅምት ተመልሳችሁ በወጉ ሥሩት። በዝናብ ውስጥ አስፋልት አታባክኑ።

ኮብልስቶን ሌላ ጠባይ አለው፤ ለእኛ ከተሞች ትልቅ ጸጋ ነው። ድንጋዩ አይበላሽም። የሚጠፋው በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋና ዳሩን የሚይዘው ከርብስቶን ነው። በዳገታማ ሠፈር ጎርፉ አሸዋውን ያጥበዋል፣ ድንጋዩ ይላላል፣ አንዱ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ይከተሉታል። በጊዜው ከተደረሰበት ግን የተነሣው ድንጋይ ራሱ ይታጠብና ተመልሶ ይነጠፋል። የምትገዙት ከሥር የሚነጠፈውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር አሸዋ ብቻ ነው። የቀረው የሰው ጉልበት ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ በከተማችሁ ኮብልስቶን ሲያነጥፉ በሠለጠኑ ወጣቶች እጅ አለ። በጣም ቀጥ ባለ ዳገት ላይ በየተወሰነ ርቀት መንገዱን የሚያቋርጥ የኮንክሪት ማሰሪያ ጣሉበት፤ ድንጋዩ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ መገጣጠሚያውን በአሸዋ መሙላት በመንገድ ጥገና ውስጥ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚያተርፈው ነው።

የሚያበሳጨኝ ነገር ቁፋሮ ነው። መንገዱ ተሠርቶ ሳይደርቅ የውሃ መስመር፣ ከዚያ የቴሌ፣ ከዚያ የመብራት ይቆፈርበታል፤ በአፈር ተሞልቶ ይተዋል። በወጉ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ቁፋሮ ይሰምጣል፣ ውሃ ያቁራል፣ አጠገቡ ያለውን ንጣፍም ይዞ ይሄዳል። በየመስከረሙ ለነዚህ ተቋማት ደብዳቤ ጻፉና በዓመቱ የሚቆፍሩበትን ቦታ ጠይቁ፤ የእናንተንም የማሸጊያ ዕቅድ አብራችሁ ላኩላቸው። ማንም ያለ ፈቃድ አይቆፍር። ፈቃዱ ሲሰጥ ደግሞ የመልሶ ንጣፉ ዋጋ በካሬ ሜትር ተሰልቶ በቅድሚያ ይከፈል፤ መልሶ የሚነጥፈው ቆፋሪው ሳይሆን የእናንተ ቡድን ይሁን። ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ካልተቀመጠ ግን ለደመወዝ ይሄድና ጉድጓዱ ይቀራል።

ከባድ መኪናም ዋጋ አለው። ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ወይም በእናንተ ከተማ እህልና ሲሚንቶ ሲራገፍ፣ መኪናው ወደ ውስጥ መንገድ ይገባል። በአሜሪካ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው በንጣፍ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ፣ ላይ ካለው ክብደት አራተኛ ርቢ (ቁጥሩ አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ ከሚገኘው) ጋር ያድጋል። አንድ አክስል ከ10 ቶን ወደ 12 ቶን ቢጨምር ክብደቱ በ20 በመቶ ያደገ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከእጥፍ ይበልጣል። የማራገፊያ ቦታና የከባድ መኪና መተላለፊያ መወሰን፣ በቀሩት መንገዶች ላይ ክልከላ መትከል፣ ብዙ ሬንጅ ከመግዛት በላይ ያድናል።

ወደ ገንዘቡ ምንጭ ልምጣ። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው ለዚሁ ሥራ ነው፦ በነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያና ከመሰል ምንጮች የሚገኘው ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ደህንነት እንዲውል። ገንዘቡ ለፌዴራል መንገዶች፣ ለክልል መንገዶችና ለተመረጡ ከተሞች ይከፋፈላል። ከተማችሁ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ከሆነች በወጉ የተዘጋጀ ዓመታዊ የሥራ ዕቅድና የተስተካከለ ሪፖርት ይዛችሁ ቅረቡ፤ የፋይናንስም የቴክኒክም ኦዲት ይኖራል። ከሌለች ደግሞ በክልሉ በኩል ጥያቄ አቅርቡ። ያም ሆነ ይህ ሙሉ ወጪያችሁን በዚህ ላይ አትጣሉት።

አስተማማኙ ምንጭ የከተማዋ የራሷ ገቢ ነው። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ላይ ተመሥርቶ ለረጅም ዘመን ኖሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራሉ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። በመንገድ ጥራት የቤትና የቦታ ዋጋ እንደሚጨምር ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ከዚህ ግብር የተወሰነው እጅ ለጥገና ብቻ እንዲውል ምክር ቤቱ በውሳኔ ይደንግግ። የመናኸሪያ፣ የመኪና ማቆሚያና የቁፋሮ ፈቃድ ክፍያም ከመንገዱ የተገኘ ስለሆነ ወደ መንገዱ ይመለስ። መጠኑ ትንሽም ቢሆን ከአዳዲስ ሥራዎች በፊት ተቆርጦ የሚቀመጥ ይሁን። «የተረፈው ለጥገና» የሚባለው አሠራር እስካለ ድረስ የእናንተ ልፋት ከንቱ ነው።

ለቦይ ጠረጋ ሌላ በር አለ። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ቆይቶ ወደ ሌሎች ከተሞችም ሰፍቷል። የማኅበረሰብ ሥራው ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ ለቦይ ጠረጋና ለኮብልስቶን ጥገና ይስማማል። ፕሮግራሙ በከተማችሁ ካለ የሥራ ዕቅዱ ሲወጣ ቦይ ጠረጋው በግንቦት ውስጥ እንዲገባ ከወዲሁ ተነጋገሩ። በሌላው አካባቢ ዕድር የሚባሉትን ቅሬዎችንም አትርሱ። በወሎ ሠፈር ቅሬ የማይደርስበት ደጃፍ የለም። ገንዘብ አዋጡ ብሎ ከመሄድ ይልቅ እያንዳንዱ ቅሬ በሠፈሩ ያለውን ቦይ እንዲጠብቅ፣ ገራባና ፌስታል የሚጥለውን እንዲገሥጽ ዳኞቹን አነጋግሩ። ሽማግሌ ያለው ቃል ከደንብ አስከባሪ ቅጣት በላይ ይሰማል። ለሠፈር ውስጥ ኮብልስቶን ነዋሪው ቢያዋጣ ተገቢ ነው፤ ለዋና መንገድ ጥገና ግን ማዋጣት የለበትም፤ ግብር ከፍሏል።

ብድርና የልማት ድጋፍ መንገድን መልሶ ለመሥራት እንጂ ለመደበኛ ጥገና አይሁን። በየዓመቱ የሚመጣ ሥራ በየዓመቱ የሚመጣ ገቢ ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ቱቦው እንደገና ይደፈናል።

ውሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጨረታ አታውጡ፤ በነጠላ ዋጋ የተመሠረተ የማዕቀፍ ስምምነት ለዓመቱ ያዙና ሥራውን በትእዛዝ ስጡ። ሁለተኛ፣ ሪቴንሽን ብለን የምንጠራው መያዣ ገንዘብ የሚለቀቀው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም በጋራ ተዘዋውራችሁ አይታችሁ ይሁን። ተቋራጩ ሥራው አንድ ክረምት እንደሚፈተን ካወቀ ዳሩን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል።

ኮብልስቶኑን በአስፋልት መሸፈን ለሚለው ሐሳብ መልሴ አይሆንም ነው። በሠፈር ውስጥ የተነጠፈ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ያረፈ ስለሆነ እያንዳንዱ ድንጋይ በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ ላዩ ላይ ስስ አስፋልት ብትደርቡበት በየመጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይገባና አሸዋውን ያጥበዋል። የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳም ቀድሞ ድንጋይ አንሥቶ መመለስ ይቻል የነበረው አሁን አስፋልት መቁረጥ ይጠይቃል። አንድ የኮብልስቶን መንገድ ትራፊኩ በዝቶበት አስፋልት የሚያስፈልገው ከሆነ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፣ ከሥሩ ተጠንቶ በአዲስ ቤዝ ይሠራ፣ የተነሣው ድንጋይ ተቆጥሮ ጭቃ ላይ ላለው ሠፈር ይሰጥ። ለዚያ ሠፈር ነዋሪዎች ስትጽፉ ተራቸው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ከሆነ እሱንም በደብዳቤው ላይ አስፍሩት።